በሆስፒታል ቆይታዎ የአካል ጉዳትዎንና የግል ፍላጎትዎን ለባለሙያዎች እንዴት ያስረዳሉ?

ታላቅ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና በተኛበት ሆስፒታል ተረኛዋ ነርስ ደም ሥሩን ፈልጋ ካኑላውን (መድኃኒትና ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) በቀኝ እጁ፣ አንጓው አጠገብ ሰካችለትና እጁ እንዳይታጠፍ በካርቶን ደግፋ በፕላስተር ጠቀለለችው። ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። ይሁን እንጂ ወንድሜ የሚጽፈውም ሆነ በምልክት ቋንቋ ሲናገር አብዝቶ የሚጠቀመው በዚያው በቀኝ እጁ ስለ ነበር፣ ሌሊት ሕመሙ ሲጠናበት የቱ ጋ እንደሚያመው እንኳ ለማንም ሳያስረዳ አደረ። ጠዋት ስደርስ በግራ እጁ የአልጋውን ብረት እየመታ አገኘሁት። ነርሷ እንደማይሰማ ታውቅ ነበር፤ ቻርቱ ላይም ተጽፏል። ያላወቀችው፣ እኛም ሳንነግራት የቀረነው፣ ቀኝ እጁ አንደበቱ መሆኑን ነው።

ከዚያ ወዲህ ከዘመድም ከጎረቤትም ሰው ሆስፒታል ሊተኛ ነው ሲባል የምሰጠው ምክር አንድ ነው። የጉዳትዎን ስም መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ጉዳቱ በሕክምናው መካከል ምን እንደሚያስከትልና ባለሙያው ምን ቢያደርግ እንደሚሻል አብረው ይናገሩ። «አባቴ አቅመ ደካማ ናቸው» ቢሉ የሚሰማዎት ሰው አዝኖ ያልፋል። «አባቴ ግራ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ ከአልጋ ሲነሱ ከግራ ጎናቸው ሆኖ የሚደግፋቸው አንድ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ብቻቸውን ከተነሱ ይወድቃሉ» ቢሉ ግን የሰማው ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። «ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ላስቸግራቸው አይገባም» ብለን ዝም እንላለን፣ ወይም ሐኪሙ አይቶ ይረዳዋል ብለን እንተወዋለን። በአንድ ሌሊት ብዙ ታማሚ የሚጠብቅ ነርስ ግን ሳይነገረው ሊገምት የሚችለው ጥቂት ነው። አስቀድሞ የተነገረ ነገር ሥራውን ያቀልለታል እንጂ አይጨምርበትም።

ከቤት ሳይወጡ የሚዘጋጅ ወረቀት

ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር ለመተኛት የሚሄዱበት ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ለዝግጅት ጊዜ ይኖርዎታል። ዋናው ዝግጅት አንድ ወረቀት ነው። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፣ ፊደሉ ጎላ ጎላ ያለ፣ ተረኛ ባለሙያ ቆሞ ሊያነበው የሚችል ይሁን። ዛሬ የወንድሜ ወረቀት እንዲህ ይላል፦

«መስማት የተሳነኝ ነኝ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ። ሲያናግሩኝ እባክዎ ፊት ለፊቴ ይቁሙ፤ ከኋላ ቢጠሩኝ ስለማላውቅ ትከሻዬን ነካ ያድርጉ። የምናገረው በቀኝ እጄ ስለሆነ ካኑላ በግራ እጄ ይሁን። መብራት ከጠፋ መግባባት ስለማልችል ሌሊት ሲመጡ ያብሩልኝ። ፔኒሲሊን አይስማማኝም፤ ፊቴ ያብጣል፣ ትንፋሽም ያጥረኛል። የምልክት ቋንቋ የምታውቀው እኅቴ ናት፤ ስልክ ቁጥሯ ከጀርባ አለ።»

ጉዳቱ እንዴት እንደ መጣ፣ በስንት ዓመቱ እንደ ሆነ፣ የት የት እንደ ታከመ እዚህ ወረቀት ላይ የለም። ያንን ሐኪሙ ሲጠይቅ ይመልሱታል። ወረቀቱ ሌሊት በሰባት ሰዓት ለሚመጣው ባለሙያ የተጻፈ ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎች ቻርት የሚጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በቤተሰብ ወይም በሰፈር የጤና ባለሙያ ካለ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ከአማርኛው ሥር በእንግሊዝኛ ቢያሰፍርልዎ ጥሩ ነው። የመድኃኒት ስም ግን ፈጽሞ በግምት አይጻፍ። ከማሸጊያው ላይ ፊደል በፊደል ከነመጠኑ ይገልበጥ፤ ከዚያም የተሻለው ማሸጊያውን ይዞ መሄድ ነው፤ «ነጯ ክብ ክኒን» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ወረቀቱን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ቻርቱ ውስጥ እንዲገባ ይስጡ፣ ሌላው አስታማሚዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ በስልክም ፎቶ ያንሱት።

ካርድ ክፍልና የወረፋ ቦታ

ፍላጎትዎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገሩት ለሐኪሙ ሳይሆን ለካርድ ክፍል ሠራተኛውና ሕመምተኞችን እንደ አጣዳፊነታቸው ለሚለየው ነርስ ነው። በተመላላሽ ሕክምና ወረፋ የሚያዘው በስም ጥሪ ስለሆነ፣ የማይሰማ ሰው ስሙ ተጠርቶ ካርዱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ማየት የተሳነውም ስሙን ሰምቶ የጠራው በር የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ካርድዎን ሲሰጡ ስም ከሚጠራው ሰው ጋር ይተያዩና «ስሜ ሲጠራ አልሰማም፤ እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ፤ ተራዬ ሲደርስ በእጅዎ ይጥሩኝ» ብለው ይስማሙ። በካርዱ ፊት ላይ በጉልህ ምልክት እንዲደረግልዎም ይጠይቁ።

ረጅም ወረፋ መቆም ወይም ጫጫታ መካከል መቀመጥ የማይችል ሰው ይዘው ከሆነ፣ ለምሳሌ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ፣ ውጭ ጥላ ሥር ቆይታችሁ ተራው ሲቃረብ በስልክ እንድትጠሩ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ሁልጊዜ እሺ አይባልም፤ ያልጠየቀ ሰው ግን የሚያገኘው የለም።

ዋርድ ውስጥ፤ የነገሩት ሰው ሌሊት አይኖርም

ሰው በብዛት የሚሳሳተው አንዴ ከተናገረ ሁሉም እንዳወቀ አድርጎ በማሰቡ ነው። ነርሶች በፈረቃ ይቀያየራሉ፤ በማስተማሪያ ሆስፒታል ደግሞ ጠዋት ራውንድ ላይ አልጋዎን ከብበው ከሚቆሙት ስፔሻሊስት፣ ሬዚደንትና ኢንተርን ሐኪሞች መካከል ማታ ተመልሶ የሚያይዎት አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር አዲሱን ተረኛ በአጭሩ ያስተዋውቁት፤ «ሲስተር፣ ሥራ ሳይበዛብዎት አንድ ነገር ልንገርዎት» ብሎ መጀመር ከበቂ በላይ ነው። ለሚሄደው ተረኛም «ይህን በርክክብ ላይ ይንገሩልኝ» ይበሉት።

ከራስጌ በላይ ትንሽ ማስታወሻ እንዲለጠፍ መጠየቅም ይረዳል። ነገር ግን እዚያ የሚጻፈውን በጥንቃቄ ይምረጡ፤ በጋራ ዋርድ ውስጥ ጠያቂው ሁሉ ያነበዋል። «አልሰማም፤ ፊት ለፊት ያናግሩኝ» ወይም «ሁለት ሰው ሳይሆኑ አያንሱኝ» ቢለጠፍ ጉዳት የለውም። የአእምሮ ሕመም፣ ኤች አይ ቪ፣ ሽንት አለመቆጣጠርና የመሳሰሉት ግን ቻርቱ ውስጥና በጆሮ የሚነገሩ ናቸው። አስታማሚዎ ወይም የመጣው ዘመድ እንዲሰማ የማይፈልጉት ነገር ካለ ሐኪሙን «ለብቻችን ብንነጋገር» ማለት መብትዎ ነው። አክስትም ብትሆን ቅር ይላታል ተብሎ አይዘለልም።

አንዳንድ ጉዳቶችና ሳይነገሩ መቅረት የሌለባቸው ነገሮች

መስማት ለተሳናቸው ከካኑላው ቀጥሎ ዋናው ችግር የአፍ ጭንብል ነው። ከንፈር የሚያነቡ ከሆነ፣ ርቀት ጠብቀው ጭንብሉን ለአፍታ ዝቅ እንዲያደርጉልዎ ወይም እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። መስማት የተሳነው ሁሉ የምልክት ቋንቋን ወይም ማንበብን ያውቃል ማለት ግን አይደለም፤ በገጠር ያደገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ብቻ የሚግባባበት የራሱ ምልክት ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ ያንን ምልክት የሚያውቅ ሰው አብሮ መግባት እንዳለበት ለሆስፒታሉ አስቀድሞ ይነገር። ከመደንዘዣ በፊት «አዎ»፣ «አይ»፣ «ያመኛል»፣ «ያቅለሸልሸኛል» ለሚሉት አራት ቃላት ምልክት ተስማሙ። የሕመሙን መጠን በጣት ማሳየት፣ ጭብጥ ማለት ምንም የለም፣ አሥሩም ጣት ማለት አልቻልኩም ማለት እንዲሆን፣ ለሁሉም ይቀልላል። የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ካለዎት ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ እንጂ ቀደም ብሎ እንዳይወልቅብዎ ይጠይቁ። በቀዶ ሕክምና ውስጠ ጆሮ ላይ የተተከለ መሣሪያ ካለዎት ደግሞ ኤም አር አይ (በማግኔት የሚሠራው የምስል ምርመራ) ከመታዘዙ በፊት ይናገሩ፤ የማሽኑ ማግኔት እጅግ ኃይለኛ ነው።

ማየት የተሳነው ታካሚ መጠየቅ ያለበት ቀላል ነገር ነው፤ የመጣው ሰው ስሙንና ሥራውን ሳይናገር እጁን እንዳያሳርፍበት። በጸጥታ መጥቶ ክንድን መያዝና መርፌ መውጋት ማንንም ያስደነግጣል። ውኃው፣ የጥሪ ደወሉ (ካለ)፣ የሽንት ዕቃው የት እንደ ተቀመጠ በእጅዎ አስነክተው እንዲያሳዩዎና ቦታቸው እንዳይለወጥ ይንገሩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋንም ጭምር፤ ዕቃ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት።

የጀርባ አጥንት ጉዳት ላለበት ወይም በሌላ ምክንያት ሰውነቱ ለደነዘዘ ሰው ጉዳዩ የሕይወት ነው። አልጋ ላይ በአንድ ጎን ብዙ የቆየ ሰው ሳይሰማው ቆዳው ይቆስላል፤ የተለመደው መመሪያ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ ቤት ውስጥ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚገላበጡና የትኛው ጎንዎ ቀድሞ እንደሚቀላ ይናገሩ። በሥጋ ደዌ ምክንያት እጅና እግሩ የደነዘዘ ሰውም ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ እግሩ ሥር እንዳይደረግለት መናገር አለበት፤ ቢቃጠል አያውቀውም። የጀርባ አጥንት ጉዳቱ ከደረት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ የሽንት ቱቦ ሲታጠፍ ወይም ሲደፈን፣ አንጀትም ሲሞላ የደም ግፊት በድንገት ይወጣል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ፊት ያልባል። ይህን ሁሉም ባለሙያ በየቀኑ አያየውም። «ድንገት ራሴን ከፈለጠኝና ካላበኝ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡኝ፣ ቱቦውን ይዩልኝ፣ ግፊቴንም ይለኩ» የሚለውን በወረቀትዎ ላይ በትልቁ ይጻፉ።

ስለ ተሽከርካሪ ወንበርም አንድ ነገር ልጨምር፤ የራስዎን ወንበር ይዘው ከመጡ ስምዎንና የአልጋ ቁጥርዎን በጀርባው ላይ ይጻፉበት። ዋርድ ውስጥ ወንበር ስለሚጠፋ፣ የእርስዎው ሌላ ታማሚ ራጅ ለማስነሳት ተወስዶ ማታ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ለወሰደው ሰው ወንበር ነው፤ ለእርስዎ እግር ነው።

የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች «ለቀዶ ሕክምና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» ሲባሉ መድኃኒታቸውንም ያቆማሉ። ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የሚጥለው ሕመም ሊነሣ ስለሚችል፣ በራስዎ ሳይወስኑ «የጠዋቱን ክኒን በጥቂት ውኃ ልዋጥ?» ብለው የማደንዘዣ ባለሙያውን ይጠይቁ። መቼ መቼ እንደሚጥልዎት፣ ከመጣሉ በፊት የሚታወቅዎት ምልክት ካለ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጭምር ይንገሩ፤ ከተለመደው የረዘመ ከሆነ ተረኛው የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ሰው ወይም የመርሳት ችግር ያለባቸውን አረጋዊ የሚያስታምም ሰው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በእጁ ይያዝ፤ «ይህ የዘወትር ጠባዩ አይደለም»። ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል ሰው ሕመሙን የሚገልጸው ምግብ በመተው፣ በመጮኽ ወይም ዝም በማለት ነው፤ ለማያውቀው ባለሙያ ግን ይህ ሁሉ የጉዳቱ ጠባይ መስሎ ይታየዋልና ምርመራው ይዘገያል። ልዩነቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጾም፣ ጸበልና ሰዓት

የግል ፍላጎት ማለት አካል ጉዳት ብቻ አይደለም። የሚጾሙ ከሆነ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምሳ ሳይቀምስ መርፌውን እንደ ወትሮው ቢወጋ ስኳሩ አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ ጾሙን እንደ ሰማ መጠኑንና ሰዓቱን ሊያስተካክል፣ ወይም ለጊዜው እንዲተዉት ሊመክርዎ ይችላል፤ ሳያውቅ ግን ምንም ሊያደርግ አይችልም። ጸበል ገብተው መድኃኒት አቋርጠው ከነበረ ወይም የባህል መድኃኒት ጠጥተው ከሆነም እንዲሁ። ይቆጡኛል ብሎ መደበቅ የታወቀ ነው፤ ሐኪሙ ግን መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ወደ ጠንካራው ሊያሻግርዎት ይችላል፤ አልተወሰደም እንጂ አልሠራም አልነበረም። በሴት ባለሙያ መመርመር የምትፈልግ ታካሚም ልብሷን ከማውለቋ በፊት ብትናገር፣ ሌላ ባለሙያ ባይገኝ እንኳ ሴት ነርስ አብራት እንድትቆም ለማድረግ ይመቻል።

ሰዓት ላይ ደግሞ እጅግ ይጠንቀቁ። «በስምንት ሰዓት» ሲባል በእኛ አቆጣጠር ከምሳ በኋላ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ወይም ማታ ሁለት ሰዓት ነው፤ «በየስምንት ሰዓቱ» ማለት ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱም በአንድ ዋርድ ውስጥ በአንድ ቀን ይባላሉ። «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የቀጠሮ ቀንም በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ያረጋግጡ።

ከመፈረምዎ በፊት

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 25ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኛ ከሌላው ጋር እኩል ጥራት ያለው ሕክምና እንዲያገኝና ሕክምናውም በነፃና በተረዳ ፈቃዱ ላይ እንዲመሠረት ይጠይቃል። በተግባር ይህ ማለት የስምምነት ቅጹ ማየት ለተሳነው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብለታል፣ መስማት ለተሳነው በሚገባው መንገድ ይገለጽለታል፣ አሻራ ወይም ፊርማ የሚጠየቀውም ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። የተባለውን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይናገሩትና «እንዲህ ነው የተረዳሁት፤ ትክክል ነኝ?» ይበሉ። ሐኪሙ ለእርስዎ መንገር ትቶ አስታማሚዎን የሚያናግር ከሆነም በትሕትና «ዶክተር፣ እኔን ይጠይቁኝ፤ ያልገባኝን እሷ ትረዳኛለች» ይበሉ። ስለ ግል ሕመም ትንንሽ ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግም አይገባም፤ ልጅ የማይገባውን ይዘለዋል፣ የሚያስፈራውንም ይደብቀዋል።

ነግረው ካልተሰሙ

መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ዋርዱ ኃላፊ ነርስ ነው፤ አብዛኛው ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የላይዘን (አገናኝ) ቢሮ፣ ከዚያም ቅሬታ ሰሚው ክፍል አለ። በቁጣ ሳይሆን በቀንና በሰዓት ይናገሩ፦ «ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነገርኩ፣ ረቡዕ ጠዋትም ደገምኩ፣ እስካሁን አልተገላበጥኩም»። ችግሩ ደረጃና መጸዳጃ ቤት ከሆነ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው መደንገጉን መጥቀስ ይቻላል። በአንድ ሌሊት መወጣጫ አይሠራልዎትም፤ አልጋዎ ወደ ምድር ቤት ወይም ወደ መጸዳጃው ቅርብ እንዲዛወር መጠየቅ ግን የዚያኑ ዕለት ሊፈጸም ይችላል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ

አሜሪካ ያሉ ወገኖች ቀጠሮ ሲይዙ ገና በስልክ ላይ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት አለባቸው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ቋንቋውን ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ሕጉ ያስገድዳል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግም መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚን የመሳሰለ እገዛ ይጠይቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከአሜሪካው ብዙ ቢወስድም ያው አይደለም፤ አዲስ የገባ ሰው የትኛውን እንደሚያውቅ አስቀድሞ ካልተነገረ የሚመጣው አስተርጓሚ ላይግባባው ይችላል።

ሲወጡ

የመውጫ ቀን ሁሉም ይቸኩላል፤ የሚረሳውም ያን ጊዜ ነው። መድኃኒቶቹን ከፋርማሲ እንደ ተቀበሉ እዚያው መስኮቱ ላይ አንድ በአንድ ስማቸውና ሰዓታቸው እንዲነገርዎ ያድርጉ። ማየት ለተሳነው ሰው ቀላሉ ዘዴ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ነው፤ የጠዋቱ ማሸጊያ ላይ አንድ፣ የማታው ላይ ሁለት፣ በሚያም ጊዜ ብቻ የሚወሰደው ላይ ሦስት ይጠቀለላል፤ ፋርማሲስቱ እያለ ቢጠቀልሉት ስህተት ቢኖር ያርማል። ቁስል የሚያጥበው፣ ክር የሚፈታው፣ ለቀጠሮ የሚመልስዎት ማን እንደሆነ ለነርሷ ይንገሩ፤ ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ በቅርብዎ ባለ ጤና ጣቢያ እንዲታጠብልዎ ወረቀት ልትጽፍልዎት ትችላለች። ቤት እንደ ደረሱም ያንን አንድ ገጽ አውጥተው በዚህ ቆይታ ያልተስማማዎትን መድኃኒት፣ የትኛው ክንድ ደም ሥር ቶሎ እንደሚገኝና ተኝተው ሳለ የጎደለብዎትን ይጨምሩበት።